የሜዳ መስመር የሚያሰምረው ሮቦትና የማዕዘኑ ነጥብ

ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር በሆነ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ የሚታዩት ነጭ መስመሮች በሙሉ ተቀጣጥለው በአንድ ረድፍ ቢዘረጉ 717 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። የሜዳው ዙሪያ ብቻ 346 ሜትር ነው፤ የመሐል መስመሩ 68፣ ሁለቱ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሎች 147 ያህል፣ ሁለቱ የግብ ክልሎች 59 ያህል፣ የመሐል ክቡ ደግሞ ከ57 ሜትር በላይ ይወስዳሉ፤ የቀረው በክልሎቹ ራስ ላይ ያሉት ቅስቶችና በአራቱ ማዕዘኖች ያሉት ሩብ ክቦች ድርሻ ነው። መስመሩ ሕጉ እስከሚፈቅደው 12 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቢሰፋ በቀለም የሚሸፈነው ሣር 86 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሣር ስለሚያድግና ስለሚታጨድ፣ ዝናብም ቀለሙን ስለሚያጥበው፣ ይህ ሥራ አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ ጨዋታ በሚበዛበት ወቅት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መደገም አለበት።

ይህን ሥራ ከሰው እጅ እየተረከበ ያለው ሮቦት በተለይ በሰሜን አውሮፓና በአሜሪካ እየተለመደ መጥቷል። በዴንማርክ የተመሠረቱት ታይኒ ሞባይል ሮቦትስ እና ተርፍ ታንክ የተባሉት ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ማሽኖች ከሌሎቹ ይልቅ ይታወቃሉ። ማሽኖቹ ትናንሽና ባለጎማ ናቸው፤ የሳተላይት ሲግናል የሚቀበል አንቴና፣ የቀለም መያዣና ወደ መሬት ቀለም የሚረጭ አፍንጫ አላቸው። ሠራተኛው ሮቦቱን ከመኪናው አውርዶ ሜዳው ዳር ያቆመዋል፣ በታብሌቱ ላይ የሜዳውን ዓይነትና ልክ ይመርጣል፣ ከዚያም ሮቦቱ ማንም ሳይገፋው ሥራውን ይጀምራል። አምራቾቹ አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተሰምሮ እንደሚያልቅ ይናገራሉ። በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ማሽን 717 ሜትሩን በ12 ደቂቃ ስለሚጨርስና የተረፈው ጊዜ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመሻገር ስለሚውል፣ ይህ የተጋነነ አባባል አይመስለኝም። በስዊዘርላንድ የተሠራው ስዎዚ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ የመረጠ ነው፤ ጋሪውን የሚገፋው ሰው ነው፣ እጁ ቢዛነፍ ግን አፍንጫው ራሱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ተንሸራትቶ መስመሩን ያቃናዋል።

ስለ እነዚህ ማሽኖች ሲወራ ሰው ሁሉ የሚደነቀው መስመሩ ቀጥ በማለቱ ነው። በእኔ እምነት ግን መስመርን ቀጥ ማድረግ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ተወጥሮ የታሰረ ሲባጎም ይህንኑ ያደርጋል። ከባዱ ነገር መስመሩ የሚነሣበትን ነጥብ በትክክል ማግኘትና ከወር በኋላ፣ ከዓመትም በኋላ ወደዚያው ነጥብ መመለስ ነው። ሮቦቱ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን ሜዳ ለመለየት፣ በአገራችንም ከዚህ ቴክኖሎጂ የቱን መውሰድ እንደሚበጅ ለመወሰን፣ ይህን ልዩነት መረዳት ያስፈልጋል።

በተማርኩበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህራችን ሜዳውን የሚያሰምሩት ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። አራት ችካል፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ ባለ 50 ሜትር መለኪያ፣ ግማሽ ኬሻ ኖራና ሥሩ በምስማር የተበሳሳ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ። እኛ ተማሪዎች ሲባጎውን ከዳርና ዳር ወጥረን እንይዛለን፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ቆርቆሮውን እያራገፉ ሲባጎውን ተከትለው ይሄዳሉ። ነፋስ ኖራውን ሲያነሣው ፊታቸውን አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆማሉ፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ለመሐል ክቡ መሐሉ ላይ ምስማር ይተክሉና ገመድ አስረው ዙሪያውን ይዞራሉ። በማግሥቱ ሜዳው ከሩቅ ሲታይ ያምር ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር ቀጥ ያለ ነበር። ከክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ሆኖ ላየው ሰው ግን ሜዳው ወደ አንድ ጎን የተገፋ አራት ማዕዘን መሆኑ በግልጽ ይታይ ነበር፤ በአንዱ ግብ በኩል ያለው የማዕዘን ምት ቦታ ከሌላው ይልቅ ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ቀርቦ ነበር።

መምህራችን የሠሩት ስህተት የሁሉም ሰው ስህተት ነው። ግንበኞች የቤት መሠረት ሲያወጡ አንዱን ጎን 3 ሜትር፣ ሌላውን 4 ሜትር ለክተው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ሲመጣ ማዕዘኑ ስኳድራ፣ ማለትም ትክክለኛ 90 ዲግሪ፣ ሆነ ይላሉ። ዘዴው እንከን የለበትም፤ ችግሩ ያለው ከመጠኑ ላይ ነው። በ5 ሜትሩ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሳሳቱ ማዕዘኑ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይዛነፋል፤ ይህ ለመኝታ ክፍል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ በ68 ሜትሩ የሜዳ ጎን መጨረሻ ላይ ግን 57 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያንኑ ሥራ በ30፣ በ40 እና በ50 ሜትር የሠራ ሰው እዚያው 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሳሳት የመጨረሻው ስህተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ልምድ ያላቸው ሜዳ ጠባቂዎች ደግሞ ሥራውን ሲጨርሱ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚያልፉትን ሁለት ሰያፎች ይለካሉ፤ 105 በ68 የሆነ ሜዳ ስኳድራው የተስተካከለ የሚሆነው ሁለቱም ሰያፎች 125 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ሲመጡ ነው።

ሌላው በእጅ ሲሠራ በብዛት የሚሳተው በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ራስ ላይ ያለው ቅስት ነው። ብዙ ሰው ገመዱን ከክልሉ መስመር መሐል አስሮ ግማሽ ክብ ያዞራል። ቅስቱ ግን የሚነሣው ከግቡ መስመር 11 ሜትር ርቆ ካለው የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ሲሆን፣ ዓላማው ከመቺው በቀር ሁሉም ተጫዋች ከኳሱ 9.15 ሜትር እንዲርቅ ማድረግ ነው። በትክክል ሲሠራ ከክልሉ መስመር ወደ ውጭ የሚወጣው 3.65 ሜትር ብቻ ነው፤ የክልሉን መስመር የሚነካባቸው ሁለት ነጥቦች ደግሞ በ14.62 ሜትር ይራራቃሉ። ቅስቱ በሕጉ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ ክልሉ ራሱ አሁን ያለውን አራት ማዕዘን ቅርጽ የያዘው ግን በ1902 ነበር። በ1863 የተጻፈው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሕግ ሜዳ ላይ መስመር ስለማስመር የሚለው ነገር አልነበረም፤ የሜዳው ወሰን በባንዲራ እንዲለይ ብቻ ነበር የሚያዘው። እነዚህ ያልተለመዱ የሚመስሉ ቁጥሮች ሁሉ የመጡት ከያርድ ነው፤ 9.15 ሜትር 10 ያርድ፣ 11 ሜትር ደግሞ 12 ያርድ ያህል ነው።

ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይህን ያህል ያሳስባል ወይ ለሚል ሰው መልሱ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። መስመሩ የሚያዋስነው ክልል አካል ነው፤ ስለዚህ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል መስመር ላይ የተሠራ ጥፋት በክልሉ ውስጥ እንደተሠራ ይቆጠራል፣ ኳስም ሙሉ በሙሉ መስመሩን ካላለፈ ወጣ አይባልም። የግቡ መስመር ስፋትም ከቋሚዎቹና ከአግዳሚው ውፍረት ጋር እኩል መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 በኳታር በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ከጨዋታ ውጪን ለመለየት የሠራው ሥርዓት በ12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተል ነበር። በካሜራ የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች ሜዳውን ከምስሉ ጋር የሚያመሳክሩበት ዋነኛ ምልክት ደግሞ መስመሮቹ ናቸው። ዳኝነቱ በሴንቲ ሜትር በሚለካበት ዘመን መስመሩ ራሱ በሜትር የሚዛነፍ ከሆነ የተቀረው ልፋት ትርጉም ያጣል።

አሁን ወደ ሮቦቱ ልመለስ። በስልካችን ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ቦታችንን የሚነግረን ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚልኩት ሲግናል እኛ ዘንድ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በመለካት ነው። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚጓዝ፣ በሰዓት ቆጠራው ላይ የሚደርስ እጅግ ጥቃቅን ስህተት መሬት ላይ ወደ ሜትሮች ይለወጣል። አሜሪካ ሆን ብላ በሲቪል ተጠቃሚዎች ላይ ታደርገው የነበረውን ማዛባት እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2000 ካነሣች ወዲህ እንኳ፣ ስልክ በገላጣ ሜዳ ላይ ሆኖ በጥቂት ሜትሮች መሳሳቱ አይቀርም። በዚህ ልክ የሚሠራ ማሽን የእግር ኳስ መስመር ላስምር ቢል የማዕዘን ምቱን ቦታ ከሩጫ መሙ ላይ ሊያደርገው ይችላል።

ሮቦቶቹ ይህን ችግር የፈቱት ቀያሾች አርቲኬ ብለው በሚጠሩት ዘዴ ነው። ቦታው አስቀድሞ በታወቀ ነጥብ ላይ አንድ መቀበያ ተተክሎ ይቆማል፤ ሌላው ከሮቦቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም የሚሰሙት የእነዚያኑ ሳተላይቶች ሲግናል ስለሆነ፣ ሲግናሉ በከባቢ አየር ውስጥ ሲያልፍ የሚደርስበት መዛባት በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የቆመው መቀበያ ትክክለኛ ቦታውን ስለሚያውቅ ሳተላይቶቹ ምን ያህል እንዳሳሳቱት ያሰላል፤ ማረሚያውንም በሬዲዮ ወይም በሞባይል ኢንተርኔት ለሮቦቱ ይልክለታል። ከዚህም በላይ ሁለቱ መቀበያዎች ሲግናሉ ያዘለውን መልእክት ብቻ ሳይሆን ራሱን ሞገዱን ይለካሉ። የአንዱ የጂፒኤስ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በየ19 ሴንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ከሳተላይቱ እስከ ሜዳው ተዘርግቷል ብሎ ማሰብ ይቻላል። መቀበያው በመጨረሻው ቋጠሮና በራሱ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ደረጃ ይለካል፤ የሚያስቸግረው ከዚያ በላይ ስንት ሙሉ ቋጠሮ እንዳለ ማወቅ ነው። ይህን ቁጥር ከበርካታ ሳተላይቶች ጋር እያመሳከረ ካገኘው በኋላ የሮቦቱ ቦታ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ባለ ልክ ይታወቃል።

ሮቦቱ ሣሩን አያይም፣ የድሮውን መስመርም አያይም። በታብሌቱ ውስጥ ያለው የሜዳ ሥዕል የቁጥሮች ዝርዝር ነው፤ ሮቦቱ የሚሄደው ቁጥሮቹን ተከትሎ ነው፣ ቁጥሮቹም የሚለኩት ከቆመው መቀበያ አንጻር ነው። ባለፈው ሳምንት በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተተከለው መቀበያ ዛሬ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ተተክሎ የድሮው ቁጥር ሳይታረም ቢሠራ፣ ሮቦቱ እንከን የማይወጣለት ቀጥ ያለ ሜዳ ያሰምራል፤ ሜዳው ግን በሙሉ ሁለት ሜትር ተንሸራትቶ የግቡ መስመር ከቋሚዎቹ ፊት ወይም ኋላ ይውላል። የሣር መስመር ደግሞ በቀላሉ አይፋቅም፤ አሮጌውና አዲሱ አብረው እየታዩ ዳኛንም ተጫዋችንም ለሳምንታት ያሳስታሉ። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች መቀበያውን ሁልጊዜ በአንድ ቋሚ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ በሕንፃ ጣሪያ ላይ ያስሩታል፤ ካልሆነም ሮቦቱን በየጊዜው የታወቀ ማዕዘን አስነክተው ያስጀምሩታል።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። መሬት ራሷ ትንቀሳቀሳለች። እኛ ያለንበት የአፍሪካ አህጉር በዓለም አቀፉ የቦታ መለኪያ ሥርዓት ሲለካ በዓመት ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ሜዳው፣ ግቡና ቋሚው መቀበያ አብረው ስለሚጓዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። የሜዳው ማዕዘን የተመዘገበው በዓለም አቀፉ ሥርዓት ከሆነና ቁጥሩ ሳይታረም ከቆየ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ሜዳው ከቁጥሩ አንድ የመስመር ስፋት ያህል ርቆ ይገኛል። አጠገቡ ካለ ቋሚ ነጥብ የተለካ ሜዳ ይህ ችግር አይነካውም።

የማሽኑ አካል ያመጣቸው ችግሮችም ነበሩ፤ አብዛኞቹ መፍትሔ አግኝተዋል። አንቴናው ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥና ሮቦቱ 3 ዲግሪ ባዘነበለ መሬት ላይ ቢሄድ፣ አንቴናው ከአፍንጫው ቀጥታ በላይ መሆኑ ቀርቶ 2.6 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይወጣል። አብዛኞቹ ሜዳዎች ውኃ እንዲወርድላቸው ከመሐል ወደ ዳር ስለሚያዘነብሉ ይህ ልዩነት ካልታረመ መስመሩ ላይ ይታያል፤ በመሆኑም ሮቦቶቹ ዝንባሌ የሚለካ መሣሪያ ይዘው እየሄዱ ያርሙታል።

ይህን ማሽን ማን ይፈልገዋል? በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገመት ማሽን ለአንድ ሜዳ ብሎ መግዛት የሚያዋጣ አይደለም። የሚያዋጣው በአንድ አስተዳደር ሥር በርካታ ሜዳዎች ላሉትና የሠራተኛ ደመወዝ ውድ ለሆነበት አገር ነው፤ የአሜሪካ ከተሞች የመናፈሻና የመዝናኛ ክፍሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የትምህርት ቤት ወረዳዎች ደንበኛ የሆኑት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል መስመር ብዛት ከእግር ኳሱ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ በየ5 ያርዱ ሜዳውን የሚያቋርጡት 21 መስመሮች ብቻ ሲደመሩ ከ1,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ በየያርዱ ያሉት አጫጭር ምልክቶች ሳይቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ በተለያዩ ከተሞች የሚያካሂደውን ውድድር የተከታተለ ሰው፣ የፉትቦልና የእግር ኳስ መስመሮች በተለያየ ቀለም የተደራረቡበትን ሜዳ ሳያይ አልቀረም። አንድን ሜዳ ለአራት ዓይነት ስፖርት በየተራ የሚያከራይ ከተማ አራቱንም ሥዕሎች በታብሌት ይዞ፣ ወቅቱ ሲደርስ አንዱን ብቻ ማሰመር መቻሉ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከእግር ኳሱም በላይ ስሜት የሚሰጠው ግን የሩጫ መም ነው ብዬ አምናለሁ። በሣር ወይም በአፈር ሜዳ ላይ ባለ 400 ሜትር መም በእጅ ማሰመር እጅግ ከባድ ሥራ ነው። መደበኛው መም ሁለት ቀጥታ ጎኖች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 84.39 ሜትር ናቸው፤ ሁለቱ ግማሽ ክቦች ደግሞ 36.50 ሜትር ሬዲየስ አላቸው። ይህን ያባዛ ሰው ወደ 398 ሜትር ያገኝና ሁለቱ ሜትሮች የት ገቡ ይላል፤ የመጀመሪያው መሮጫ ርዝመት የሚለካው ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ፣ ሯጩ በእርግጥ በሚረግጥበት ቦታ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ መሮጫ 1.22 ሜትር ይሰፋል። በ400 ሜትር ውድድር በሁለተኛው መሮጫ ላይ ያለ ሯጭ ከመጀመሪያው በ7.04 ሜትር ቀድሞ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እያንዳንዳቸው በ7.67 ሜትር ያህል እየጨመሩ ሄደው ስምንተኛው በ53.03 ሜትር ይቀድማል። የሁለተኛው ልዩነት ያነሰው ከመጀመሪያው በስተቀር ሌሎቹ የሚለኩት ከመስመሩ 20 ሴንቲ ሜትር ወጥተው በመሆኑ ነው። በትምህርት ቤት ውድድር ላይ እነዚህ ልዩነቶች በግምት ይቀመጣሉ፤ በዚህም ምክንያት በውጩ መሮጫ የሮጠ ልጅ 402 ሜትር፣ በውስጡ የሮጠው 399 ሜትር ሮጦ ሊሆን ይችላል። ልጁ የተሸነፈው በእግሩ ሳይሆን በኖራው ምክንያት መሆኑን ማንም አይነግረውም። ቁጥሮቹን የያዘ ሮቦት ይህን በአንድ ጧት ያስተካክለዋል፤ ያው ቁጥር በወረቀት ተይዞ፣ መለኪያውም በጥንቃቄ ከተያዘ፣ ሮቦት በሌለበትም መስተካከሉ የማይቻል ነገር አይደለም።

ሮቦቱ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ሜዳውን ሜዳ ማድረግ ነው። ሣር የሚያድገው ከሥሩ አጠገብ ስለሆነ በቀለም የነጣው ጫፉ በየአጨዳው ተቆርጦ ይወድቃል፤ ቀለሙ ቶሎ የሚደበዝዘው በዝናብ ብቻ አይደለም። ውኃ በሚቋጥር፣ ሣሩ ተልጦ አፈሩ በወጣበት ሜዳ ላይ የፈሰሰ ቀለም ከመጀመሪያው ጨዋታ አያልፍም። ቀለሙም ቢሆን ምርጫ ይፈልጋል፤ ኖራ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ነው፣ ነገር ግን እርጥበት ሲያገኝ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ሣሩንም ያደርቃል፤ በብዙ አገሮች ሜዳ ላይ በውኃ በሚቀጠን ቀለም የተተካውም ለዚህ ነው። ግብ ጠባቂ የሚወድቀው በዚያው መስመር ላይ ነው። ሮቦት መግዣ ያጣ ክለብ ኖራውን በቀለም ቢተካ ለተጫዋቾቹ ከሮቦቱ የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣቸዋል።

ማሽኑ ሰማይ ያስፈልገዋል። ከፍ ያለ የተመልካች ጣሪያ ወይም ረጃጅም ዛፎች ባሉበት ጥግ ሳተላይቶቹ ይጋረዱበታል፤ ከብረት ጣሪያ ላይ ነጥሮ የሚመጣ ሲግናልም ያሳስተዋል፣ በዚያን ጊዜ ጥሩ ሮቦት ሥራውን ያቆማል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 እና 11 ቀን 2024 የደረሰው ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል በአሜሪካ የእርሻ አካባቢዎች በዚሁ የአርቲኬ ዘዴ የሚመሩ ትራክተሮችን ከመስመር አስወጥቷል፤ ገበሬዎች በዘር ወቅት ሥራ አቁመው ለመጠበቅ ተገደዋል። የኢትዮጵያ ሁኔታ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ በተለይም በመጋቢትና በመስከረም ገደማ፣ ከበላያችን ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ክፍል ይናወጥና የሳተላይት ሲግናል እንዲዋዥቅ ያደርጋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዋሸራ ላቦራቶሪ ይህን የአየር ክፍል ሲያጠና ቆይቷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ አገራችን ቢመጣ ሥራው በጧት እንጂ በምሽት መብራት እንዳይሆን መክሮ መነሣት ይገባል።

ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው መጫወት ያለበትን ጨዋታ በሰው አገር እየተጫወተ ዓመታት አልፈዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) እ.ኤ.አ. በ2021 የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው እንኳ በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። ለእገዳው የመስመር ጉዳይ ምክንያት አልነበረም፤ የመጫወቻው ሣር፣ መብራቱ፣ መልበሻ ክፍሉ፣ መቀመጫው ሁሉ ይመዘናል። ሆኖም ሜዳን በልክ የመያዝ ልማድ የሚጀመረው ብዙ ገንዘብ ከማያስወጣው ነገር ነው፤ ያንን ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕውቀትም መሣሪያም በእጃችን አለ። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በግንባታና በካዳስተር (የመሬት ይዞታ ምዝገባ) ሥራ ላይ ያሉ ቀያሾች አርቲኬ መሣሪያ ይዘው በየቀኑ ይሠራሉ፤ ሮቦቱ አናቱ ላይ የተሸከመውም በመሠረቱ ይኸው መሣሪያ ነው። አንድ ቀያሽ ግማሽ ቀን ወስዶ የአንድን ሜዳ አራት ማዕዘኖች፣ የመሐል መስመሩን ሁለት ጫፎችና የሁለቱን ግቦች ቋሚዎች ሥፍራ ቢያወጣ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይም አጭር የብረት ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ከመሬቱ በታች ተቀብሮ አፉ ቢደፈን፣ ያ ሜዳ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሌላ ቀያሽ አያስፈልገውም። በእንግሊዝ አገር ሮቦት ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ሜዳ ጠባቂዎች ማዕዘናቸውን የሚያቆዩት እንዲህ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ክለቦች እንዲሁ ያደርጋሉ። የተጫዋች እግር እንዳይጎዳ ቧንቧው ከሣሩ ሥር በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሲያድግ፣ የአምናውም ኖራ ታጥቦ ሲያልቅ፣ ሜዳ ጠባቂው በብረት ዘንግ መሬቱን እየነካካ የመጀመሪያውን ቧንቧ ይፈልጋል። ሲያገኘው ጭቃውን ጠርጎ ችካሉን ይተክልበታል፤ ረዳቱ የመለኪያውን ጫፍ ይዞ ሜዳውን በሰያፍ አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ይሄዳል፣ ተንበርክኮም ቁጥሩን ያነብለታል፦ 125 ሜትር ከ10።